የውጭ ገንዘቡ ይቆይ፣ መጀመሪያ የጤና ጣቢያው መድኃኒት የት እንደቀረ እንወቅ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ሰባት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ሥራ ያላገኘን ምሩቃን፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ አንዷ ነርስ፣ የቀረነው ትንንሽ ንግድ ላይ ነን። የጤና መድን በየዓመቱ እየከፈልን፣ ጤና ጣቢያ ስንሄድ “መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ” መባል ሰልችቶናል። ስለዚህ የዴሞክራሲ፣ የሰብዓዊ መብትና የመልካም አስተዳደር ድርጅት አቋቁመን ከውጭ ለጋሾች ገንዘብ ለመጠየቅ አስበናል። አንድ አማካሪ ፕሮፖዛሉን እጽፋለሁ፣ ከሚገኘው 10 በመቶ ትሰጡኛላችሁ፣ ለጊዜው ግን ትንሽ ቅድሚያ ክፈሉ ብሎናል። ሌላ ሰው ደግሞ ሕጉ ከ10 በመቶ በላይ የውጭ ገንዘብ አይፈቅድም፣ ዩኤስኤይድም ተዘግቷል፣ አትልፉ ይለናል። የቀበሌ ሰው “ይሄማ ፖለቲካ ነው” አለን። ማንን እንስማ?»

መልስ፦ ሦስቱንም አትስሙ። ሕጉን ከጠቀሰላችሁ ሰው ልጀምር። እሱ ቢያንስ በአንድ ዘመን ልክ ነበር።

የ10 በመቶው ነገር የመጣው ከአዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው። በዚያ ሕግ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ ሥራ ላይ መሰማራት አይችልም ነበር። የውኃ ጉድጓድ በውጭ ገንዘብ መቆፈር ይቻል ነበር። ጉድጓዱ ለምን እዚያኛው ሰፈር ተቆፍሮ እዚህኛው ቀረ ብሎ የመብት ጥያቄ ማንሳት ግን ከሞላ ጎደል በአገር ውስጥ ገንዘብ። የአገር ውስጡ ገንዘብ ደግሞ ከየት ይምጣ? በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) የባንክ ሒሳቡ ታግዶበት አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ከዚህ አላመለጠም። ሌሎች ከስማቸው ላይ «መብት» የሚለውን ፍቀው «ልማት» ብለው ጻፉ። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ ይቆጠር ስለነበር አንዳንዶች በዚያች ቀዳዳ ተንፍሰዋል።

ያ አዋጅ በ2011 ተሽሯል። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በዚህኛው ድርጅት ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ መቀበል ይችላል። የራሱን ገቢ ለማግኘት መነገድም ይችላል፣ ፈቃዱን አውጥቶ ግብሩን እስከከፈለ ድረስ። አስተዳደራዊ ወጪው ግን ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ «ሕጉ አይፈቅድም» ያላችሁ ሰው የሚያወራው ስለ ሞተ ሕግ ነው።

ሕጉ ሰፋ ማለት ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው ማለት አይደለም። በ2017 መጀመሪያ አካባቢ በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ ጥቂት የታወቁ ድርጅቶች በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ታግደው ወራት አሳልፈዋል። ሕግም ይሻሻላል። ማንኛውንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ አግኝታችሁ አንብቡ፤ ከሰው አፍ አትያዙ። ሌላም አለ። 1113 የፌዴራል አዋጅ ነው። የሚመለከተው የውጭ ድርጅቶችን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚቋቋሙትን ነው። እናንተ ሥራችሁ ሐዋሳ ላይ ብቻ ከሆነ የሲዳማ ክልል መዝጋቢ አካል ነው የሚመለከታችሁ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ የአውቶቡስ ገንዘብ አትጨርሱ።

ቀበሌ «ፖለቲካ ነው» ያላችሁ ሰው ላይ ብዙም አትፍረዱበት። ይህ ግራ መጋባት ከሱ አልጀመረም።

የዓለም ባንክ መቋቋሚያ ሰነድ ባንኩ በአገሮች ፖለቲካ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ባንኩ «ዴሞክራሲ» የምትለዋን ቃል በአፉ ማዞር ይከብደዋል። ሆኖም ያበደረው ገንዘብ የት እንደገባ መጠየቅ ነበረበት። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሰሐራ በታች ስላለው አፍሪካ ባወጣው ዘገባ ችግሩ የአስተዳደር ቀውስ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ «መልካም አስተዳደር» የሁሉም አፍ ማሟሻ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከባንኩ ይልቅ ደፈር ይላል። ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓስፊክ አገሮች ጋር በ2000፣ ይህም በእነሱው አቆጣጠር፣ ኮቶኑ ከተማ ላይ በተፈራረመው ስምምነት ሰብዓዊ መብትን፣ ዴሞክራሲንና የሕግ የበላይነትን የግንኙነቱ መሠረት አድርጎ ጽፏል። እኛ ዘንድ ቃሉ ሲደርስ ሁሉን ተሸካሚ ሆነ። የመንገድ መብራት ጠፋ፣ የመልካም አስተዳደር ችግር። የባጃጅ ተራ አስከባሪ ተሳደበ፣ የመልካም አስተዳደር ችግር። ሁሉን የሚይዝ ቃል ደግሞ ምንም አይጨብጥም። እናንተም ድርጅታችሁን በዚህ ቃል ልትጠሩት ስትነሱ የቀበሌው ሰው ምን እንደምትፈልጉ ሳይገባው ቀረ። ያልገባው ነገር ደግሞ ፖለቲካ ይመስለዋል።

ልዩነቱን ለራሳችሁ አጥርታችሁ ያዙ። ማን ይመረጥ የሚለው የፓርቲ ፖለቲካ ነው። መራጮችን ማስተማር ወይም ምርጫ መታዘብ ብትፈልጉ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ግን ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለእናንተም አሁን አይደለም። የከፈልኩበት መድኃኒት የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ ግን የነዋሪ ጥያቄ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 43 ደግሞ ሰው አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክትና ፖሊሲ ላይ ሐሳቡን እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። ቀበሌ ስትሄዱ «ለዴሞክራሲ እንታገላለን» አትበሉ። «የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት ጉዳይ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠን ማየት እንፈልጋለን» በሉ። ይህን የምላችሁ ቃል እንድትደብቁ አይደለም። የምትሠሩት በእርግጥም እሱን ስለሆነ ነው።

ወደ ዩኤስኤይድ። ጥር 12 ቀን 2017 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ታገደ፣ በመጋቢት ከድርጅቱ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙ ተነገረ፣ ሰኔ 24 ድርጅቱ ራሱ ታሪክ ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1961 ጀምሮ የቆመ ተቋም በስድስት ወር ውስጥ። እንግሊዝም የዕርዳታ በጀቷን በዚያው አቆጣጠር እስከ 2027 ከብሔራዊ ገቢዋ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታውቃለች። ስለዚህ ኬኩ አንሷል፣ ተሻሚው በዝቷል። ይህ እውነት ነው። «አለቀ» የሚለው ግን እውነት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አለ፣ የስካንዲኔቪያን አገሮች አሉ፣ አየርላንድና ጀርመን አሉ፣ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት አሉ። አንዱም ግን ትናንት ለተቋቋመ የሰባት ጓደኛሞች ማኅበር በቀጥታ ገንዘብ አይልክም። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ ለትንንሾቹ ቆርሶ ያከፋፍላል። በሥራው ቋንቋ ሰብ ግራንት የሚባለው ይህ ነው። የእናንተ በር ያ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ።

አሁን ዋናው አለመግባባት ላይ ልምጣ፤ ጥያቄያችሁ ውስጥ ተደብቆ ያለው እሱ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ፣ ከዚያ ድርጅት፣ ከዚያ ሥራ ብላችሁ ነው የደረደራችሁት። የሚሠራው ተገልብጦ ነው።

የዚህ ከተማ ሰው እንደመሆናችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ላስታውሳችሁ። ሐዋሳ የወርክሾፕ ከተማ ናት። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ሎቢ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ግቡ። በር ላይ ባነር አለ፣ «የአቅም ግንባታ ስልጠና» የሚል። ጠረጴዛ ላይ የስም መዝገብ አለ፣ ሦስት ቦታ ይፈረማል። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ይሆናል። አበል የሚከፈልበት የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ላይ ደግሞ ይሞላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ አዳራሽ አይገኝም። እኔም በዚህ ሥራ ውስጥ የኖርኩ ነኝና ራሴን አላወጣም፤ እንዲህ ባሉ አዳራሾች ቆሜ ብዙ አስተምሬያለሁ። ስለ ተጠያቂነት ሦስት ቀን የሠለጠነ ኃላፊ አራተኛው ቀን ላይ ቢሮው ሲገኝ ያው ነበር። ሥልጠናው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ተመልሶ ሲሄድ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው።

የውጭ ድጋፍ ለዴሞክራሲና ለሰብዓዊ መብት የሚሠራው ሥራ የለም እያልኩ አይደለም። የሚችለውንና የማይችለውን እንለይ። ለተቋም ጉልበት ይሰጣል፦ ለምርጫ ቦርድ፣ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን፣ ለዋና ኦዲተር፣ ለፍርድ ቤት። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በኩል ለምርጫ ቦርድ የተሰጠው ድጋፍ የዚህ ዓይነት ነው። ለነዋሪውም መድረክ ይከፍታል። ነዋሪው የሚጠይቀውን ጥያቄ ግን አይፈጥርለትም። ድፍረትም አይሰጠውም። ከሁሉ በላይ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚቆም ነገር ከሆነ መጀመሪያም አልቆመም ነበር ማለት ነው።

የራሳችን አገር ምሳሌ አለ። ከ1997 ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ የሚሰጡትን ድጋፍ አቆሙ። ግን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይዘጋ ማለት አይቻልም። በ1998 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡ ወደ ወረዳ ይወርዳል፣ በምላሹ ግን ነዋሪው አገልግሎቱን የሚመዝንበት ነገር ይኑር ተባለ። የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም የተወለደው ከዚያ ነው። የወረዳ በጀት በግድግዳ ላይ መለጠፍም ከዚያው ጋር ተያይዞ መጣ። አንዳንዶቻችሁ ያንን ፖስተር አይታችሁ አልፋችሁት ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው ያልፈዋል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ኮሚኒቲ ስኮር ካርድ የሚባለው፣ ነዋሪውና ሠራተኛው አገልግሎቱን በነጥብ የሚመዝኑበት ነው። ለእናንተም የምመክረው እሱን ስለሆነ አንድ ቀን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ከሐዋሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ወረዳ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ። ችግሩ የእናንተው ነው፣ መድኃኒት። ወጣቶቹ ተቆጥተው መጥተዋል። ፋርማሲ ላይ ያለችው ልጅ መድኃኒቱን ለግል ሱቅ ትሸጣለች ብለው ደምድመዋል። ስሟን ጠርተው በስብሰባ ሊያወጧት ነበር የተዘጋጁት። ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ፣ ወጣቶቹን ለብቻ፣ የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች ለብቻ አስቀመጥን። እያንዳንዱ ቡድን ለእያንዳንዱ ጉዳይ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ሴቶቹ ውስጥ ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ቦሎቄ አመጣን። መሬት ላይ በኖራ ክብ ተሠመረ፣ ክቡ ውስጥ ፍሬ ይጣላል። ለሠራተኛው አክብሮት ሲባል ሴቶቹ አራት ፍሬ አስቀመጡ። ያቺው ወጣቶቹ የጠረጠሯት ልጅ ማታ በስልክ ብርሃን መድኃኒት እንደምትሰጥ የነገሩን እነሱ ናቸው። ለመድኃኒት መኖር ሲባል አንድ ፍሬ። አንዷ አሮጊት እሷንም አንስተው ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ የሠራተኞቹን ወረቀት ገለጥን። እነሱም ለመድኃኒት የሰጡት አንድ ነው። አዳራሹ ዝም አለ። ሁለቱም ወገን ሊጣላ የመጣበት ጉዳይ ላይ ተስማምቶ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳብ ሠራተኛው ፋይል ይዞ የመጣው። የጤና መድኑ ለጤና ጣቢያው መክፈል ያለበት ገንዘብ ለወራት አልተከፈለም። ለምን? የክፍያ መጠየቂያ ቅጹ ጎደሎ ሆኖ ተመልሷል። ለምን ጎደለ? ቅጹን ይሞላ የነበረው ሰው ተዛውሯል፣ በእሱ ቦታ ማንም አልተተካም። ይኸው ነው። አንድ ባዶ ወንበር። ከዚያች ወንበር የተነሳ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። እዚያው በጋራ ዕቅድ ተጻፈ፦ ቅጹን የሚሞላው እከሌ ነው፣ በዚህ ቀን ይጀምራል፤ ያለና የሌለ መድኃኒት ዝርዝር በየሳምንቱ ሰኞ በር ላይ ይለጠፋል። የወረዳው ኃላፊ ፈረመ። ሁሉም መድኃኒት ተገኘ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንዳንዱ ከአቅራቢው ራሱ የለም። ግን ሰው ባዶ እጁን ከመመላለስ ዳነ፣ ልጅቷም ከስም ማጥፋት ተረፈች።

ያ ቀን ምን ያህል ፈጀ? የቀበሌ አዳራሽ በነፃ፣ ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከር፣ ኖራ፣ ቦሎቄ፣ ቡናና ቆሎ። አበል አልነበረም። የውጭ ገንዘቡ የከፈለው ሌላ ነው፦ እኔን ከፍሏል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚመላለሱ አመቻቾችን ከፍሏል፣ ፕሮግራሙ ከመንግሥት ጋር የተፈረመ ስለነበር የወረዳው ኃላፊ እንዳይቀር አድርጓል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው፤ እናንተ ዘንድ የለም። ስለዚህ ኃላፊውን በሌላ መንገድ ማምጣት አለባችሁ። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

ወደ ራሳችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መድኃኒት በአንድ እጅ ብቻ እንደማያልፍ እወቁ። የወባ፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የቤተሰብ ምጣኔ መድኃኒቶች በፕሮግራም የሚመጡና ለታካሚው ነፃ የሆኑ ናቸው፤ የውጭ ዕርዳታ መቀነስ በዋናነት የሚነካው እነዚህን ነው። ሌላውን፣ የሕፃናት አንቲባዮቲኩን፣ የግፊትና የስኳሩን መድኃኒት፣ ጤና ጣቢያው በራሱ ገቢ ነው የሚገዛው። ገቢው ከታካሚ ክፍያና ከጤና መድን ነው። ስለዚህ «የለም» ሲባል ምክንያቱ መድኑ ስላልከፈለ ሊሆን ይችላል። ከፍሎ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ውሎም ሊሆን ይችላል። የግዢ ጥያቄ ዘግይቶ ወይም አቅራቢው ጋ ጠፍቶ ይሆናል። መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ጊዜው አልፎበትም ይሆናል። ስርቆትም ሊኖር ይችላል፣ አልክድም። ግን ከአምስቱ አንዱ ነው። እያንዳንዱ ደግሞ የሚንኳኳው በር የተለየ ነው። «ሌቦች ናቸው» ብሎ የሚጀምር ማኅበር አምስቱንም በር በአንድ ቀን ይዘጋል።

ስለዚህ ምን አድርጉ ነው የምለው? ዘንድሮ ድርጅት አታቋቁሙ። ፕሮፖዛል አትጻፉ። አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ጉዳይ፣ አንድ የበጀት ዓመት ያዙ።

መነሻችሁ እድር ይሁን። የሰፈራችሁ እድር ሊቀመንበር ከእናንተ ከሰባታችሁ ይልቅ ይሰማል፤ አባላቱም የጤና መድን ከፋዮች ናቸው። በእድሩ በኩል ለጤና ጣቢያውና ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፉ፣ ዓላማችሁን በሦስት መስመር። ቅጂው ላይ መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ያቺ ቁጥር ኋላ «አናውቃችሁም» ለሚላችሁ መልስ ናት። የጤና ጣቢያው ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ መቀመጫ አለ፤ ማን እንደሆነ አጣሩ። ብዙ ቦታ ተወካዩ ራሱ ተወካይ መሆኑን ረስቶታል። ኃላፊውን ወደ ስብሰባው የሚያመጣላችሁ እሱና እድሩ ናቸው፤ የእኛን ፕሮግራም ፊርማ የሚተካው ይህ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ መረጃ ሰብስቡ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ከፋርማሲው የወጡ ሰዎችን ስንት መድኃኒት ታዘዘ፣ ስንቱ ተገኘ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። ታኅሣሥ ላይ ነጥብ አሰጣጡን ቡድን በቡድን አድርጉ። ጥር ላይ ሁለቱን ወገን አገናኙ። ለምን በጥር? የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዝግጅቱ ግን ወራት ቀድሞ ነው። ሰኔ ላይ ጥያቄ ይዞ መሄድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ግንቦት ላይ ነጥቡን ድጋሚ አሰጡ፤ ለውጡ ወይም አለመለወጡ በቁጥር ይታያል። ወጪውን እንደ ዕቁብ በየወሩ አዋጡ። ከአባላት የተሰበሰበች ትንሽ ገንዘብና የእሷ ንጹሕ ደብተር ኋላ ለጋሽ ፊት ከ40 ገጽ ፕሮፖዛል ትበልጣለች።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ ነገር ሲጀምሩ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ሳይሰማ አይፈረድም። ሁለቱን ወገን የምታገናኙበት ስብሰባ በዚያ መንፈስ ቢመራ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ እንግዳ ነገርም አይመስለውም። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በሽማግሌ ሸንጎ የሴቶች ድምፅ ትንሽ ነው። ያቺ ቦሎቄ ያነሱት አሮጊት ወንዶች ባሉበት ቢሆን አያነሷትም ነበር። ሴቶቹን ለብቻ ማስቀመጥን እንዳትዘሉ።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። የታካሚ ስምና በሽታ አትመዝግቡ፣ ፎቶ አታንሱ፣ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው አንዱ ነው። ነርሷ ጓደኛችሁ በዚያው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ከሆነ ከፊት አታሰልፏት፤ ነገ ዝውውር ቢጻፍላት የምታጽናኗት እናንተ አይደላችሁም። አዳራሽ ውስጥ በፈቃድ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው። አደባባይ መውጣት ሌላ ነው፤ የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል፣ ለመድኃኒት ጉዳይም አያስፈልጋችሁም።

መረጃ ከተከለከላችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ካልመለሰ አቤቱታው እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ይደርሳል፤ ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ከዚያ አልፎ ሰው በጥያቄው ምክንያት ቢታሰር ወይም ቢንገላታ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ከተማ ነው። እነዚህን በሮች መጀመሪያ አታንኳኩ። የት እንዳሉ ግን እወቁ።

ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሁለት የተጻፉ የነጥብ ወረቀቶች፣ አንድ የተፈረመ የጋራ ዕቅድና አንድ የሒሳብ ደብተር በእጃችሁ ከኖረ ያን ጊዜ ተመዝገቡ። ዓላማችሁን ስትጽፉ አሥራ አራት ነጥብ አትደርድሩ፤ የጤና አገልግሎት ተጠያቂነት፣ አለቀ። የባንክ ሒሳቡ ቢያንስ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ ሁለቱ ፈራሚዎች ዘመድ አይሁኑ። ከዚያ በዚህ ሥራ ላይ ወዳለ የአገር ውስጥ ድርጅት ሄዳችሁ በሥሩ ሰብ ግራንት ጠይቁ። ትንሽ ጠይቁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙ ገንዘብ ያገኘ ማኅበር ሁለተኛው ዓመት ላይ ሪፖርት ጸሐፊ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ነዋሪውን ትቶ የለጋሹን ቅጽ ሲያሟላ። ለነዋሪው መልስ መስጠት የነበረበት ሰው ለውጭው ቢሮ ብቻ መልስ የሚሰጥ ይሆናል፣ ዴሞክራሲ የሚባለው ነገር እዚያው ላይ ይገለበጣል።

በዚህም መንገድ ሄዳችሁ ላይሳካ ይችላል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሊለወጥ፣ የመድኑ ክፍያ ከናንተ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። ስኮር ካርድ ባዶ ወንበርን ያሳያል፤ የሌለ በጀትን አይፈጥርም።

አማካሪው ቀረ። ትልልቅ ለጋሾች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን የመቶኛ ድርሻ ከገንዘቡ ላይ እንዲከፈል አይቀበሉም፤ ኦዲት ላይ ሲወጣ ገንዘቡን መልሱ የምትባሉት እናንተ ናችሁ፣ እሱ ያን ጊዜ ስልክ አያነሳም። ቅድሚያውን አትክፈሉ። ከፍላችሁ ከሆነም ዛሬውኑ ሄዳችሁ ደረሰኝ ጠይቁት።